ሐዘንተኛውን ማን ይላጨው?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ጢም ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሙስሊሙ አባት ጢም ሱና ነው። የቄሱ ጢም የክህነቱ ነው። የወጣቱ ጢም ፋሽን ነው። በየሳምንቱ ፀጉር ቤት ጎራ በማለት የሚታወቅ ነጋዴ ግን ሁለት ሳምንት ሳይላጭ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከታየ፣ ደንበኛው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ምነው፣ በሰላም ነው?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሞተ ሰው ስም ነው። ሴቷማ ሳትጠየቅ ትታወቃለች። ከሉ፣ የተዘቀዘቀው ነጠላ፣ አንዳንዴም የተቆረጠው ፀጉር ይናገሩባታል።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እምብዛም የማይጠየቀው ሌላው ነው፦ ጢሙ መቼ ይላጭ? ከሉ መቼ ይውለቅ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐዘንተኛውን «በቃህ»፣ ሐዘንተኛዋን «በቃሽ» የማለት ሥልጣን የማን ነው?

ጥያቄው የምላጭና የመቀስ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ ሃይማኖቶች ለሺህ ዓመታት ተከራክረውበታል። በጣም ዘርዝረው የጻፉበት አይሁድ ናቸው። የደረሱበት መልስም በጉራጌ ከተሞች ድንኳን ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

◾ ሦስቱም የከለከሉት ምላጭ

በጥንቱ ምሥራቅ ሐዘንተኛ ይታወቅ የነበረው በመላጨት ነው። ኢዮብ የልጆቹን ሞት ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱንም ተላጨ (ኢዮብ 1፥20)። በኤርምያስ 41፥5 ከሴኬም፣ ከሴሎና ከሰማርያ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚጓዙ 80 ሰዎች ይታያሉ፤ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ልብሳቸውን ቀድደዋል፣ ገላቸውን ነጭተዋል። ማንም ምን እንደሆኑ አልጠየቃቸውም። ሐዘን ላይ እንደነበሩ መልካቸው ይናገር ነበር።

ይኸው ኦሪት ግን ልማዱን ይከለክላል። ዘሌዋውያን 21፥5 ካህናቱን፣ ዘዳግም 14፥1 ሕዝቡን በሙሉ፣ ስለ ሞተ ሰው ብለው ገላቸውን እንዳይቧጭሩና ራሳቸውን እንዳይላጩ ያዝዛል። ዘዳግም ምክንያቱንም ያስቀምጣል፦ የእግዚአብሔር ልጆች ስለሆናችሁ። ልጅነታችሁ በሞት አይፈርስም፣ ስለዚህ ገላችሁን አታፍርሱ እንደማለት ነው።

እስልምናም ተመሳሳይ አቋም ይዟል። በሐዲስ እንደተላለፈው ነቢዩ ሙሐመድ በሐዘን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከምትጮኽ፣ ፀጉሯን ከምትላጭና ልብሷን ከምትቀድድ ሴት ጋር እንደማይተባበሩ ተናግረዋል። ሐዘኑንም ወሰኑለት። ለማንኛውም ዘመድ 3 ቀን ነው። ባል ለሞተባት ሴት ደግሞ በቁርኣን ሱረቱል በቀራ 2፥234 መሠረት 4 ወር ከ10 ቀን ነው። ከእስልምና በፊት በዓረብ ምድር ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ዓመት ሙሉ በጎጆ ተዘግታ ትቀመጥ ነበር። ሕጉ ያንን ዓመት ከግማሽ በታች አወረደው።

ክርስትናም ቢሆን ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ የሚለውን የጳውሎስ ምክር (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13) ይዞ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እያለች ትቆጥራለች። ቆጠራው ለጸሎት ነው። ፊት መንጨትም ሆነ ፀጉር መንጨት በውስጡ የለም።

እንግዲህ የክስታኔው ኦርቶዶክስ፣ የመስቃኑ ሙስሊም፣ የእምድብሩ ካቶሊክ ከየመምህሩ የሚሰማው ተመሳሳይ ነው፦ አልቅስ፣ ግን ገላህን አትጉዳ። ልማዱ ግን ትምህርቱን አልሰማም። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ሴቶች ዘመድ ሲሞትባቸው ለዚሁ ባሳደጉት የትንሿ ጣት ጥፍር ፊታቸውን እንደሚቧጭሩና ጠባሳው በብዙ ቆንጆ ፊት ላይ እንደሚታይ ጽፏል። እናቶቻችን ዘንድ ፀጉር መላጨቱ፣ ደረት መድቃቱ፣ ከል መልበሱ ከዚያ በኋላም ለብዙ ትውልድ ቀጥሏል። ሃይማኖት ቢለያይም እንባው አንድ ዓይነት ሆኖ ኖረ።

◾ ከመላጨት ወደ አለመላጨት

የአይሁድ ሊቃውንት ምላጩ ከተከለከለ በኋላ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ሐዘንተኛ ምልክት ይፈልጋል። ሰው ሊለየው፣ ሊያጽናናው፣ ዕዳ ሊያቆይለት፣ ቀልድ ሊቀንስለት ይገባል። ምልክቱ ገላን የሚጎዳ ካልሆነ ምን ይሁን?

መልሱ በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ነበር። ዳዊት ከኢየሩሳሌም ሲሰደድ ሜምፊቦስቴ ንጉሡ እስኪመለስ ድረስ ጢሙን አልቆረጠም፣ ልብሱን አላጠበም (2ኛ ሳሙኤል 19፥24)። ምልክቱ ተገለበጠ። ቀድሞ የሚላጨው ሐዘንተኛ ከእንግዲህ የማይላጭ ሆነ። ፀጉር በራሱ ያድጋል፣ ማንንም አያደማም፣ በአንድ ቀንም ይወገዳል። የእኛ ወንዶች ጢም ማሳደግም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከምልክቱ ይልቅ የሚገርመው ግን ቆጠራው ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በባቢሎን የተጠናቀቀው ታልሙድ «ሞኤድ ቃታን» በሚባለው ክፍሉ ሐዘንን በደረጃ ይከፍለዋል። 3 ቀን ለእንባ ነው። እስከ 7 ቀን ቤት መቀመጥ ነው። እስከ 30 ቀን ፀጉር አለመቆረጥና አዲስ የተተኮሰ ልብስ አለመልበስ ነው። ሠላሳው የመጣው እስራኤል ሙሴን ካለቀሱበት 30 ቀን (ዘዳግም 34፥8) ጋር ይገጥማል። ሊቃውንቱ ግን በተለይ ፀጉሩን ከማይላጨው ከናዝራዊ ሕግ ጋር አያይዘውታል። ከዚያ ወዲያ የሚያለቅስ ሰው ከፈጣሪ በላይ ለሟች አዛኝ ሆኛለሁ እንዳለ ይቆጠራል።

አንድ ሐዘን ብቻ ከሠላሳው ቀን ያልፋል፤ እሱም የአባትና የእናት ነው። ለወላጅ የሚያዝን ሰው ፀጉሩን የሚቆረጠው ቀን ስለሞላ አይደለም። ወዳጆቹ እስኪገሥጹት ድረስ ይቆያል። ሕጉ በጽሑፍ ያስቀመጠው መለኪያ ይኸው ነው፦ ባልንጀሮቹ «ምን ሆነሃል? ይህን ጢምህን አትላጭም?» የሚሉበት ቀን።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። ሕግ አውጪዎቹ ቁጥር ያጡ ሰዎች አልነበሩም፤ ለሁሉ ነገር ቁጥር አላቸው። ለእናትና ለአባት ግን ቁጥሩን ለጎረቤት አስረከቡት። ሐዘንተኛው ራሱ ልላጭ ቢል ወላጁን የረሳ ይመስለዋል፣ ሰውም «ምን ያህል ቸኮለ» ይለዋል። ወዳጅ ሲያዝዘው ግን ከሕሊናውም ከአፍም ይድናል። ተግሣጹ ፈቃድ ነው።

ለሴቷም የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጀውና በ1565 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የታተመው «ሹልሐን አሩክ» ሴት ሐዘንተኛ ከሰባተኛው ቀን በኋላ ፀጉሯን እንድታስተካክል ይፈቅዳል። የአሽከናዝ ሊቃውንት ቢያጠብቁትም መነሻው ግልጽ ነው፤ ሐዘን በሴት ላይ እንዳይከብድ። በእኛ ዘንድ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወንዱ በአርባው ሲላጭ ሴቷ ከሉን እስከ ሙት ዓመት ትጎትታለች።

◾ የሕዝብ ሐዘን

አይሁድ ለግል ሐዘን ያወጡትን የፀጉር ሕግ ለሕዝብ ሐዘንም ተጠቅመውበታል። ከፋሲካ ሁለተኛ ሌሊት ጀምሮ እስከ በዓለ ሰዊት 49 ቀን ይቆጠራል፤ «ዖሜር» ይሉታል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የረቢ አኪቫ 24,000 ተማሪዎች በዚህ ወቅት እንዳለቁ ታልሙድ ይተርካል። ስለዚህ ሠርግ አይደረግም፣ ፀጉር አይቆረጥም። አሽከናዞች በ33ኛው ቀን፣ ሰፋርዶች በ34ኛው ጠዋት ይላጫሉ። በበጋ ደግሞ ኢየሩሳሌም የፈረሰችበት መታሰቢያ ሲቃረብ ምላጩ እንደገና ይቀመጣል። አሽከናዞች ሦስት ሳምንት ይቆያሉ፣ ሰፋርዶች ግን በጾሙ ሳምንት ብቻ ይከለከላሉ።

ይህ ሁሉ ሰው በሙሉ ጢማም በነበረበት ዘመን ቀላል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊው የኒውዮርክ ቢሮ ሠራተኛ ሲሆን ጉዳዩ ከእንጀራ ጋር ተጋጨ። ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን (1895–1986 እ.ኤ.አ.) ባለመላጨቱ ገቢውን የሚያጣ ሰው እንዲላጭ ፈቀዱ። የቦስተኑ ረቢ ዮሴፍ ሶሎቬይቺክ (1903–1993 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከዚያው ከጥንቱ ተግሣጽ ተነሡ። በየቀኑ የሚላጭ ሰው ሳይላጭ ቢወጣ ባልደረቦቹ ወዲያው ይገሥጹታል፤ ለወላጅ በሚታዘንበት ዓመት ተግሣጽ የሚፈታ ከሆነ ለሕዝብ ሐዘንም ሊፈታ ይገባል አሉ። ሁለቱም ሐዘኑን አልሰረዙም። ሐዘኑ የሕያዋንን እንጀራ እንዳይበላ ነበር ጥረታቸው።

◾ ታልሙድ ያልደረሰበት ጎንደር

የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ይህን ክርክር አልሰሙትም። የያዙት በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ነበር። ታልሙድ ጎንደርና ሰሜን ተራራ አልደረሰም። ስለዚህ ኢየሩሳሌምን በጾመ አብ ሲያለቅሱላት ኖረዋል፤ የረቢ አኪቫን ተማሪዎች ግን አያውቋቸውም። በሞት ጊዜ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ይገለላል። ሰባት ቀን ያዝናሉ፣ ተዝካርም ያወጣሉ። ሰባቱ ከኦሪት፣ ተዝካሩ ከጎረቤት ክርስቲያን ጋር የተጋሩት ነው።

ረቢ ዖቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድነታቸውን ካረጋገጡ፣ የእስራኤል መንግሥትም በ1975 እ.ኤ.አ. በመመለሻ ሕጉ ካካተታቸው በኋላ ሁለቱ የሐዘን ሥርዓቶች ፊት ለፊት ተገናኙ። በጣም የከበደው ግጭት የመጣው ከመርዶ ነው። በሱዳን በኩል ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚሆኑ ቤተ እስራኤላውያን አልቀዋል። የብዙዎቹ ሞት ለዘመድ የተነገረው ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ነው። የታልሙዱ ሕግ የሞት ወሬ ከ30 ቀን በኋላ የደረሰውን ሰው «ሩቅ ወሬ» ብሎ ያየዋል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይነሣል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን መርዶ የተነገረበት ቀን ሰውየው የሞተበት ቀን ነው። እናት ልጇን ከሦስት ዓመት በኋላ ብታረዳም ዛሬ እንደሞተ ታለቅሳለች።

የትኛው ትክክል ነው? የመጀመሪያው ሕግ ሐዘን ማብቂያ ሊኖረው ይገባል ይላል። ሁለተኛው ልማድ ሐዘን መጀመሪያም ሊኖረው ይገባል ይላል። ያልተጀመረ ሐዘን አያልቅምና። የእስራኤል መንግሥት በመጨረሻ ለእነዚህ ሟቾች በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ አቁሟል። ሥነ ሥርዓቱ የሚደረገው በኢየሩሳሌም ቀን፣ በዖሜሩ 43ኛ ቀን ነው። ሌላው በደስታ ሲጨፍር ቤተ እስራኤላውያን የሚያለቅሱበት ቀን ነው።

◾ መርዶ የቆየበት አገር

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት የሞቱ የትግራይ ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ የተነገራቸው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል። ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከዚያ በፊት ስንት እናት በተስፋና በጥርጣሬ መካከል ቆማ፣ ከል ሳትለብስ፣ ድንኳን ሳይተከልላት አድራለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ የመሬት መንሸራተት ለሞቱትም ብሔራዊ ሐዘኑ 3 ቀን ነበር። መንግሥትም ሳያውቀው የሚቆጥረው ጥንታዊውን ቁጥር ነው። ሦስት ቀን ለእንባ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ባንዲራው ይሰቀላል፤ ሐዘንተኛው ግን ከእንግዲህ የማን ነው?

◾ የእድር ሕዝብ

ይህ ጥያቄ በጉራጌ ዞንና በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተሞች ልዩ ክብደት አለው። እድርን ብዙ ጸሐፊዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። ከቀዬው የራቀ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ አጠገቡ የለም። ስለዚህ ጎረቤት በደንብ፣ በመዋጮና በቅጣት ዘመድ እንዲሆን ተደረገ። ዛሬም የወልቂጤና የቡታጅራ ልጅ መርካቶ ሆኖ መርዶ ሲደርሰው የጥቂት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ይቀብራል፣ ሰልስቱን ይቀመጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ድንኳኑ አገር ቤት ይቀራል። አዲስ አበባ ይዞት የሚሄደው ጢሙን ብቻ ነው።

ጉራጌ አገር ሞትን መቁጠር አዲስ አይደለም። በቡታጅራ ዙሪያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባቋቋመው የጥናት ፕሮግራም በ10 ቀበሌዎች ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ቆይቷል። እድሩም ይቆጥራል፦ ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ፣ ስንት ብር ይከፈላል፣ ድንኳኑ ስንት ቀን ይቆማል። በዚህ በኩል ደንቡ ከታልሙድ ያላነሰ ዝርዝር ነው።

ነገር ግን የደንቡ ዓይን ያለው ድንኳኑ ላይ ነው። ወንበሩ ተቆጥሮ ሲመለስ፣ ድስቱ ታጥቦ ሲገባ የእድሩ ሥራ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ወርና ዓመት የሐዘንተኛው የግሉ ነው። ጢሙን ያሳደገው ወንድ የሚገሥጸው ወዳጅ አያጣም፤ ሽማግሌ ወይም የሥራ ባልደረባ ፀጉር ቤት ይዞት ይሄዳል። ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ግን ቤት ውስጥ ነች። ገበያ ከዋለች «ምን ያህል ጨከነች» ይባላል። ከሉን ካወለቀች «ሌላ ባል አሰበች» ይባላል። ሙስሊሟ ዒዳዋን ጨርሳ ሳለ፣ ክርስቲያኗ አርባውንና ሰማንያውን አውጥታ ሳለ፣ ሃይማኖታቸው ያወጣላቸውን ወሰን የጎረቤት አፍ ያራዝመዋል። የቆመ ሱቅ፣ ያልታረሰ ማሳ፣ ያልተፋቀ እንሰት የዚህ ወጪ ነው። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ሐዘን ወደ ሕመም ሲለወጥ ማየት አለ።

«ሐዘን በደንብ አይለካም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ልብ በደንብ አይለካም። ጥንታውያኑም የለኩት ልብን አልነበረም። የለኩት ምልክቱን ነው፦ ጢሙን፣ ልብሱን፣ ቤት መቀመጡን። ልብ በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ሰውየው ወደ ሰው እንዳይመለስ የሚያግደው ምልክት ግን በሰው ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ተቃራኒው ታይቷል። ድንኳን ሳይተከል፣ እዝን ሳይመጣ የተቀበረ ሰው ቤተሰብ ሐዘኑ ቀለለት የሚል አልነበረም። ሰው የሌለበት ሐዘን መጀመሪያም መጨረሻም ያጣል።

ጉራጌ ይህን የሚያስተካክልበት ሸንጎ አያጣም። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ አለው፣ ክስታኔ ጎርደና ሴራ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የሴቶችን በደል ይዛ የጆካ ሸንጎ ፊት እንደቆመች ትውልድ ሲያወራው ኖሯል፤ ታሪኳም በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ታይቷል። ልማድ የማይነካ ነገር ቢሆን ኖሮ ስሟ ባልተነሣ ነበር።

የሚያስፈልገውም ትልቅ ነገር አይደለም። የእድሩ ደንብ የድንኳኑን ቀን እንደሚቆጥር ሁሉ የሐዘንተኛውንም ቀን ይቁጠር። ቀኑ ሲደርስ፣ ለሙስሊሟ ዒዳው ሲያበቃ፣ ለክርስቲያኗ አርባው ወይም ሰማንያው ሲወጣ፣ ሁለት እናቶች አዲስ ነጠላ ይዘው ይሂዱላት። ለወንዱ ሁለት ሽማግሌዎች ፀጉር ቤት ይውሰዱት። ከዚያ ወዲያ ሰው ቢያማት ሐሜቱ በእሷ ላይ ሳይሆን በእድሩ ላይ ይሆናል፤ እድር ደግሞ ሐሜት ይችላል።

ቀብር ላይ ያልተገኘን አባል የማይቀጣ እድር የለም። ሐዘንተኛውን ከሐዘኑ ለማውጣት ያልሄደውን የሚቀጣ ደንብስ በየትኛው እድር መዝገብ ላይ ይገኛል?